ረቂቅ አዋጅ ገና በቋሚ ኮሚቴ እጅ ሳለ፦ የሃይማኖት አባቶች ሐሳባቸውን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርቡበት መንገድ

አዋጅ ከጸደቀ በኋላ የሚወጣ መግለጫ ብዙ ሰው ይሰማዋል፤ አንቀጹን ግን አይለውጠውም። አንቀጽ የሚለወጠው ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ከተመራበት ቀን አንሥቶ ኮሚቴው ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ እስኪያቀርብ ባለው ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ረቂቆች ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣሉ፤ በመጀመሪያ ንባብ በጥቅሉ ውይይት ይደረግባቸዋል፤ ከዚያ ለዝርዝር እይታ ወደ ኮሚቴ ይሄዳሉ። በጉባኤው አዳራሽ የሚከራከሩት አባላቱ ናቸው። የሃይማኖት አባት ቃሉን የሚያሰማበት በር ኮሚቴው የሚጠራው የባለድርሻ አካላት ወይም የሕዝብ ውይይት መድረክ ነው። ስለዚህ መጥሪያ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ረቂቁ በተመራበት ሳምንት «ስትወያዩበት እንገኝ» ብለው ለኮሚቴው በደብዳቤ ይጠይቁ።

የምክር ቤቱ የዓመቱ የሥራ ዘመን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተነሥቶ ሰኔ 30 ያበቃል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖር ይችላል። አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ በበጀት የተጨናነቀ ነው። በሰኔ አጋማሽ የሚገባ ደብዳቤ በቂ ጊዜ አያገኝም።

መጀመሪያ ሙሉ ረቂቁን፣ አብሮት ከሚቀርበው ማብራሪያ ጋር በእጅዎ ያድርጉ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞር አንድ ገጽ ፎቶ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜም የቆየ ቅጂ ነው። በተሰረዘ አንቀጽ ላይ ተነሥቶ የሚናገር አባት ቀሪው ሐሳቡ ሁሉ ክብደት ያጣበታል። ሲያነቡ ከትርጓሜው ክፍል ይጀምሩ፤ «ተቋም»፣ «አገልግሎት»፣ «ቤተሰብ» የሚሉት ቃላት እዚያ የተሰጣቸው ፍቺ ከሃያ አንቀጽ በኋላ ማን እንደሚገደድ ይወስናል። ቀጥሎ «ይችላል» እና «አለበት» የሚሉትን ይለዩ፤ የመጀመሪያው ይፈቅዳል፣ ሁለተኛው ያስገድዳል። ከዚያ የቅጣት አንቀጾቹን፣ በመጨረሻም «ዝርዝሩ በደንብ ወይም በመመሪያ ይወሰናል» የሚሉትን ያስምሩባቸው። ከባዱ ነገር ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በእነዚህ ውስጥ ነው።

አንድ መቃወሚያ በእርግጠኝነት ይገጥምዎታል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ይህን አንቀጽ ሌላው እስኪያነሣብዎት ሳይጠብቁ ራስዎ ያንሡት። ሕግ ማውጣት የምክር ቤቱ ሥራ መሆኑን ይመስክሩ፤ እርስዎ የመጡት በአንቀጽ 30 በተረጋገጠው አቤቱታ የማቅረብ መብት እንደሆነ ይግለጹ። የእምነት ነፃነት ተነክቷል የሚሉ ከሆነ ደግሞ መለኪያው አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፦ ሃይማኖትን የመግለጽ መብት የሚገደበው የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምን፣ ጤናን፣ ትምህርትን፣ የሕዝብን የሞራል ሁኔታ፣ የሌሎችን መሠረታዊ መብቶች ለመጠበቅና መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ በሚወጣ ሕግ ብቻ ነው። «ይህ ገደብ ከእነዚህ ለየትኛው ያስፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ከረጅም ስብከት ይልቅ መልስ ያስገድዳል። ስለ ትምህርት የሚናገሩ አንቀጽ 90ንም ያንብቡ፤ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛልና ያንን ያላገናዘበ ጥያቄ ወዲያው ይወድቃል።

በማን ስም እንደሚናገሩም አስቀድሞ ይለይ። በቅዱስ ሲኖዶስ፣ በእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ወይም በወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል ስም ለመናገር የተቋሙ ውሳኔና የውክልና ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከአንድ ቤት ሁለት አባቶች መጥተው የተለያየ ነገር ሲናገሩ ኮሚቴው ሁለቱንም ለመተው ምክንያት ያገኛል። ጉዳዩ የጋራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአልኮል ማስታወቂያ ወይም ቁማር፣ በሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ በኩል አንድ ሰነድ ይዞ መቅረብ እጅግ ይበልጣል።

ደብዳቤው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ «ጉዳዩ» የሚል መስመርና የአባሪ ገጾች ብዛት ይኑረው። ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ፣ በግልባጭ ለአፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ይላኩት፤ መዝገብ ቤት የተቀበለበትን ቁጥርና ቀን ሳይዙ አይውጡ። ዋናው ሥራ ያለው በአባሪው ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሦስት ዓምድ ይሥሩ፦ አንቀጹ እንዳለ፣ የሚያስከትለው ችግር፣ ተለዋጭ አንቀጽ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ሰነዱ ቅሬታ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሪፖርት የሚጽፈው ባለሙያ የሚገለብጠው ነገር አያገኝም።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የጤና ረቂቅ «ማንኛውም የጤና ባለሙያ አገልግሎቱን መስጠት አለበት» ቢል፣ «ከእምነታችን ጋር ይጋጫል» ማለት ብቻ የትም አያደርስም። ችግሩ በሁለተኛው ዓምድ እንዲህ ይጻፋል፦ በእምነቱ ምክንያት ያልተሳተፈ ባለሙያ በቅጣት አንቀጹ ይጠየቃል። በሦስተኛው ደግሞ፦ «ባለሙያው በእምነቱ ምክንያት አገልግሎቱን መስጠት ካልፈቀደ ተቋሙ ታካሚውን ሳይዘገይ ለሌላ ባለሙያ ማስተላለፍ አለበት፤ ለሕይወት አስጊ በሆነ ድንገተኛ ሁኔታ ግን ይህ ተፈጻሚ አይሆንም።» የታካሚው ጉዳይ እዚያው ስለተመለሰ፣ ረቂቁን ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት «ታካሚውስ?» ብሎ ሊያፈርሰው አይችልም። የምትቃወሙትን ሰው ጭንቀት በራሳችሁ ጽሑፍ ውስጥ መመለስ የአባትነትም ወግ ነው።

በመድረኩ ቀን የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ ገጽ ያህል ጽሑፍ ረጋ ብሎ ሲነበብ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳልና ከዚያ አይለፉ። ቡራኬው ወይም ዱዓው አጭር ይሁን፤ «ክብርት ሰብሳቢ» ወይም «ክቡር ሰብሳቢ» ብለው ወዲያው አንቀጹን በቁጥሩ ይጥሩ። ቢበዛ ሦስት አንቀጽ ይምረጡ፤ ዐሥር የዘረዘረ አባት አንዱም አይያዝለትም። የቅዱሳት መጻሕፍት ጥቅስ ለምን እንደሚገድዎት ያስረዳል፤ እምነቱን የማይጋራ የምክር ቤት አባል ግን የሚመዝነው ሰበካው፣ መድረሳው፣ ሆስፒታሉ ወይም ትምህርት ቤቱ በተግባር ያየውን ነው። ቁጥር ካቀረቡ ከራስዎ ተቋም መዝገብ የወጣና ማስረጃ የሚቀርብበት ይሁን። ፓርቲና ባለሥልጣን በስም አይወቀሱ። የሕግ ባለሙያ ከጎንዎ ይቀመጥ፤ ከአዘጋጁ መሥሪያ ቤት የሚመጣውን ቴክኒካዊ ጥያቄ እርሱ ይመልስ።

ከመድረኩ በኋላ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ የተናገሩትን በጽሑፍ ያስገቡ፤ በቃል ብቻ የቀረበ ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ሲጠቃለል «አስተያየት ተሰጥቷል» ተብሎ ይቀራል። ሪፖርቱ ሲወጣ ያቀረቡት አንቀጽ መግባት አለመግባቱን ቃል በቃል ያመሳክሩ። ካልገባ፣ ምክር ቤቱ በኮሚቴው ሪፖርት ላይ ከሚወያይበት ከሁለተኛው ንባብ በፊት የምርጫ ክልልዎን ተወካይ ያነጋግሩ፤ በጉባኤው ፊት ማሻሻያ ማንሣት የሚችለው አባል ነው።

ከጸደቀም በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አዋጁ ለፕሬዚዳንቱ ቀርቦ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረምበትም በሥራ ላይ ይውላል፤ ደንቡና መመሪያው ግን ገና ይጻፋሉ። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ስለሚያስገድድ ያው ሠንጠረዥ ታድሶ ለመሥሪያ ቤቱ ይገባል። አንቀጹ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል እምነት ካለዎት ደግሞ በአንቀጽ 84 መሠረት ባለጉዳይ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ማመልከት ይችላል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከማመልከቻው ጋር ለኮሚቴው ያስገቡትን ደብዳቤ፣ የመዝገብ ቤቱን ቁጥርና ቀን ጭምር ያያይዙ።