ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚፈጥ ዓይን፦ የአረጋውያን እንቅልፍ ችግርና መፍትሄ

ክፍሉ ይጨልም፣ ስልክ ከትራስ ሥር ይውጣ፣ ማታ ከባድ ራት አይበላ የሚለውን ሁሉም ሰው ሰምቶታልና አልደግመውም። የምጽፈው ያን ሁሉ አድርገው አሁንም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይናቸው ቁልጭ ብሎ ለሚቀር ሰዎች ነው። በነርስነት ከአረጋውያን ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ "ልጄ፣ እንቅልፍ ከተጣላኝ ሰነበተ" የሚለውን ከ"ጉልበቴን" ቀጥሎ አብዝቼ ሰምቼዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ችግር መኖሩን እናጣራ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ7 እስከ 8 ሰዓት እንቅልፍ ይበቃዋል፤ ከዚያ በጥቂቱ ያነሰም የሚበቃው አለ። ዕድሜ ሲገፋ ጥልቁ እንቅልፍ ይሳሳል፣ ሌሊት ብን ብሎ መንቃት ይበዛል፣ የሰውነት ሰዓትም ይቀድማል፤ ቶሎ ያንጎላጃል፣ ቶሎም ያነቃል። 10 ሰዓት ላይ ነቅተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ኪዳን የሚያደርሱ ወይም ሱብሂ የሚሰግዱ፣ ቀኑንም ነቃ ብለው የሚውሉ እናት ምንም አልሆኑም። "እማዬ እኮ አትተኛም" ብለው የሚያመጧቸው ልጆቻቸው ናቸው፣ እሳቸው ደህና ናቸው። ሕመም የምንለው በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ፣ 3 ወር የዘለቀና ቀንን የሚያበላሽ ከሆነ ነው።

ምልክት፦ ቶሎ እተኛለሁ፣ 9 ሰዓት ላይ ግን ቁልጭ

ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ "ስንት ሰዓት ነቁ?" ብዬ አልጀምርም። "ትናንት ማታ 1 ሰዓት ላይ የት ነበሩ?" እላለሁ።

አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ። ስኳራቸውን ልለካ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ግድም ቤታቸው ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ እሳቸው ሶፋው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል፣ ሪሞቱ ደረታቸው ላይ ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ባለቤታቸው ሪሞቱን በቀስታ አንስተው ቴሌቪዥኑን ቢያጠፉት ጋሼ አፈፍ ብለው "ተይው! እያየሁ ነው!" አሉ። ምኑን ነው የሚያዩት? የ2 ሰዓቱ ዜና ገና ነው። ዜናው ሲጀምር ደግሞ መልሰው አንቀላፉ። 3 ሰዓት ላይ ተቀስቅሰው አልጋቸው ገቡ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቁ፣ ሲነጋ ስደውልላቸው "ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ" አሉኝ።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ሶፋው ላይ ቢያንስ 1 ሰዓት ተኩል። አልጋ ላይ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 9፣ 5 ሰዓት ተኩል። ከምሳ በኋላ "ጋደም ልበል" የተባለችው ደግሞ 1 ሰዓት። ድምሩ 8 ሰዓት! ጋሼ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፤ "ሶፋውም ይቆጠራል እንዴ?" አሉ።

ይቆጠራል። እንቅልፍ እንደ ረሃብ ነው፤ ነቅተን በቆየን ቁጥር ይጠራቀማል። ሶፋ ላይ የተሸለበችው ግማሽ ሰዓት ራት ሊቀርብ ሲል እንደተቃመ ቆሎ ናት፤ አታጠግብም፣ ራቱን ግን ትዘጋለች። 9 ሰዓት ሲደርስ የእንቅልፉ ረሃብ አልቋል፣ የሰውነት ሰዓቱም በዕድሜ ምክንያት ስለቀደመ "ነጋ" ይላል። ከዚያ መገላበጥ፣ የግድግዳውን ሰዓት ማየት፣ ከ20 ዓመት በፊት የሞተ ወንድም፣ የልጅ ትዳር፣ የኪራይ ነገር ይመጣል። በማግስቱ ሰውየው ደክሞታልና ከትናንቱ ቀደም ብሎ ይተኛል። መኝታው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ሲሳብ መንቂያውም ተከትሎ ወደ 8 ይሳባል። እንዲህ እያለ የሚሄድ ነው እንጂ አንድ ሌሊት ድንገት የመጣ አይደለም።

ስለዚህ መጠገን ያለበት ሌሊቱ ሳይሆን ምሽቱ ነው።

ለአንድ ሳምንት ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ አልጋ የገቡበት፣ ያንቀላፉበት፣ የነቁበት፣ የተነሡበት፣ ቀን የሸለቡትም ጭምር። ሌሊት ሰዓት እያዩ ሳይሆን ጠዋት በግምት። ከዚያ አማካዩን ያውጡ። አልጋ ውስጥ 9 ሰዓት እየቆዩ የሚተኙት 6 ብቻ ከሆነ፣ 3ቱ ሰዓት መገላበጫ ነው። የመነሻ ሰዓትዎን ቁርጥ ያድርጉት፤ ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ 11 ሰዓት ካሉ 11 ሰዓት። ከዚያ ወደ ኋላ 6 ሰዓት ተኩል (የሚተኙትን 6 ሰዓትና ግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ) ቢቆጥሩ የመኝታዎ ሰዓት ማታ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እስከዛሬ 2 ሰዓት ላይ ይተኙ ለነበሩ ሰው ይህ ብዙ ነው፤ በአንድ ቀን አይዘለልም። በየ2 ወይም 3 ቀኑ 15 ደቂቃ እየገፉ ይድረሱበት። አልጋ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ግን ከ5 ሰዓት ተኩል በታች ፈጽሞ አይውረድ። አልጋ ውስጥ ከሚያሳልፉት ጊዜ 85 በመቶ ያህሉን ለአንድ ሳምንት ከተኙ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። እንዲህ ያለውን ሕክምና ሐኪሞች ያለ መድኃኒት የሚሰጥ የእንቅልፍ ማጣት ሕክምና አካል አድርገው ይሠሩበታል፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ሙሉ ሕክምና ከኪኒን በፊት እንዲሞከር መክሯል።

ከባዱ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለው ምሽት ነው። ሶፋ የለም! ቀጥ ያለ ወንበር ወይም በርጩማ ይሁን፤ መብራቱም ደማቅ ይሁን። ለእጅ ሥራ ይስጡት፦ ምስር መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ የልጅ ልጅ የቤት ሥራ ማሠራት። የጋሼ ባለቤት መላ አገኙ፤ ዳቦና ወተት የሚገዛው ማታ 1 ሰዓት ላይ ሆነ፣ የሚልኩትም እሳቸውን። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ጋሼ ለእኔም ለባለቤታቸውም ፊት አልሰጡንም። በአምስተኛው ሳምንት መንቂያቸው 10 ሰዓት ተኩል ደረሰ። 11 አልደረሱም፤ ላይደርሱም ይችላሉ፣ ግን መገላበጡ ቀርቷል።

አንድ ነገር ሰዎች አዘውትረው ይስቱታል፤ ብርሃንን። "የጠዋት ፀሐይ ሙቅ" የሚለው ምክር የሚጠቅመው አምሽቶ ለሚተኛ ወጣት ነው። ቀድሞ ለሚነቃ ሰው ገና ጎህ ሲቀድ የሚያየው ብርሃን ሰዓቱን ይበልጥ ያስቀድመዋል። የሚያዘገየው የአመሻሽ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ የንጋቱን የእግር ጉዞ ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ያዙሩት። ኪዳን ይቅር አላልኩም፤ ኪዳን የሚሄዱ የአመሻሹን ፀሐይ ይበልጥ አይዝለሉ።

9 ሰዓት ላይ ነቅተው 20 ደቂቃ የሆነ ከመሰለዎት ከአልጋ ይነሡ። ደብዘዝ ባለ መብራት ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ዳዊት ይድገሙ፣ መቁጠሪያ ይቁጠሩ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። የግድግዳውን ሰዓት ያውርዱት። ሥራ ግን አይጀምሩ። አንዲት እናት "ከነቃሁ አይቀር፣ መብራትም የሚረጋው ሌሊት ነው" ብለው 9 ሰዓት ላይ ምጣድ ጥደው እንጀራ ይጋግሩ ነበር። ሁለት ዓመት! ሰውነታቸው 9 ሰዓት ላይ ሥራ እንዳለበት ተምሮ ሳለ እኔን የእንቅልፍ መድኃኒት ይጠይቁኛል። መፍትሄው ምጣዱን ለልጃቸው አስረክበው ከሰዓት እንድትጋግር ማድረግ ነበር፤ ከእንቅልፉ ይልቅ ያከራከረን የእንጀራው ዓይን ማነስ ነው።

የቀን እንቅልፍ ካላስቻለዎት ከ8 ሰዓት በፊት፣ ከ30 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ደወል ሞልተው።

ማስጠንቀቂያ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀን ላይ ድብታ ይብሳል። መኪና አይንዱ፣ መሰላል ላይ አይውጡ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍ እያለ የሚታመም፣ ወይም አዘውትሮ የሚወድቅ ሰው መኝታ ማሳጠርን ያለ ሐኪም አይሞክር።

ምልክት፦ ሽንት ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ያስነሣኛል

የመድኃኒት ከረጢትዎን ይዘው ይምጡ እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ውስጥ ነው። ለግፊት ወይም ለልብ የሚሰጥ የሚያሸና ኪኒን፣ ለምሳሌ ላሲክስ፣ ከተዋጠ በኋላ ለ6 ሰዓት ያህል ይሠራል። እሽጉ ላይ "በቀን 1" ተብሎ ተጽፏል፤ ጠዋት ይሁን ማታ የነገራቸው የለም። እናቶች ደግሞ እንዳይረሱት ብለው ሁሉንም ኪኒን ማታ በአንድ ጉንጭ ውኃ ይውጡታል። አንድ ቃል ጨምሮ "ጠዋት" ብሎ መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል? ያዘዘልዎትን ሐኪም ጠይቀው ወደ ጠዋት ያዙሩት። በራስዎ ግን አያቋርጡት።

እግር የሚያብጥ ከሆነ ቀን የተጠራቀመው ውኃ ሲተኙ ወደ ሽንት ይመለሳል፤ ከሰዓት በኋላ እግርዎን ከፍ አድርገው አንድ ሰዓት ያህል ይረፉ (ሳያንቀላፉ!)። ወንዶች ላይ ፕሮስቴት፣ በማንም ላይ ከቁጥጥር የወጣ ስኳር ይመርመር። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መጠጥ መቀነስ ደግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ መከልከል ግን ጥፋት ነው። ፖፖ አልጋው ሥር ይኑር፣ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ መብራት ይደር፣ ምንጣፉ ይነሣ። በእንቅልፍ ልብ ሄደው ዳሌያቸውን የሰበሩ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እንቅልፍ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ምልክት፦ ኪኒኑን ካልዋጥኩ አልተኛም

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ከእሽጉ በመቀስ ተቆርጣ፣ ስሟ የማይነበብ አራት ፍሬ ዲያዜፓም ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ለጎረቤት የሚያካፍል ደግሞ ይብሳል። ዲያዜፓም በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ የዛሬው በትናንቱ ላይ ይደረባል። ውጤቱ መንገዳገድ፣ መርሳት፣ መውደቅ ነው። ልጆች "እርጅና ገባቸው" ይላሉ፤ አንዳንዴ የገባቸው ኪኒኑ ነው። ለወራት የወሰዱ ግን ዛሬ አንብበው ነገ እንዳያቆሙ፤ ድንገት ማቆም እስከ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ያደርሳል። ሐኪም በሳምንታት እየቀነሰ ያስወጣዎታል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ብልቃጥ ነው። ስሙ ላይ "ፒኤም" የተጨመረበት የራስ ምታት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ዳይፈንሃይድራሚን አለበት፤ የአለርጂ መድኃኒት ነው። አረጋውያንን ያዘባርቃል፣ አፍ ያደርቃል፣ ፕሮስቴት ያለባቸውን ሽንት ይዘጋል። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ቫዝሊንና ካልሲ ላኩ።

ምልክት፦ በጾም ወቅት ይብሳል

ቡና ነው። ጾመኛ እናት እህል ውኃ የሚቀምሱት ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው አቦል የሚወርደውም ያኔ። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ በዕድሜ ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ውስጡ ነው። በረካው ይቅር ስል እርግማን የፈለግሁ ይመስል ያዩኛል። እሺ፣ አቦሏ ብቻ ትሁን፣ በትንሽ ስኒ።

የቀሩት ባጭሩ። አረቄ ያስተኛል፣ ሌሊቱን ከእኩሌታው ይቆርጠዋል። ሲተኙ እግርን የሚወርር፣ ሲያንቀሳቅሱት የሚተው ከሆነ የደም ምርመራ ያድርጉ፤ የአይረን ማነስ ሊሆን ይችላል። የሚያንኮራፉ፣ መሐል ላይ ትንፋሻቸው የሚቆም፣ ጠዋት ራሳቸውን የሚያማቸው ከሆነ ባለቤታቸው ይዛ ትምጣ፤ እሳቸውማ "አላንኮራፋም" ይላሉ። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት ማታ የሚወስዱ፣ እንቅልፍ ይነሣልና፣ ወደ ጠዋት ይዞር እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። መሐሉ የጎደጎደ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ሆነው ወገቤ ቀሰቀሰኝ ለሚሉ መድኃኒት የለኝም፤ ፍራሹን ይቀይሩ።

ሌሊት መንቃቱ ላይ ምግብ ማስጠላት፣ መክሳት፣ ማልቀስ፣ "ምን እሠራለሁ በዚህች ዓለም" ማለት ከተጨመረ፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት የሚከፋ ከሆነ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ይተዉት፤ ይህ ድብርት ነው፣ ይታከማል፣ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ጠፍጣፋ ሲተኙ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ትራስ ሁለት ሦስት እየደረደሩ ወይም ተቀምጠው የሚያድሩ ከሆነ ደግሞ የልብ ድካም ሊሆን ይችላልና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይያቸው፤ ትንፋሹ ሌሊት ከእንቅልፍ አባንኖ የሚያስቀምጣቸው ከሆነ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል።