ዲቲዋ ለምን እንቢ አለች? የአሮጌ ቱ ስትሮክ ሞተር ችግርና መፍትሄ

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ብትሄዱ፣ የሆነ ግቢ ጥግ ላይ ላስቲክ ለብሳ የቆመች ያማሃ ዲቲ 125 ወይም ኤጂ 100 አትጠፋም። ገዢው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቀለሟ ነው። ቀለሙ ይቆይ።

ቱ ስትሮክ ሞተር ቤንዚንና አየሩን መጀመሪያ የሚስበው ክራንኩ (በፒስተኑ ምት የሚዞረው ዘንግ) ወዳለበት ሆዱ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ያንን ጨምቆ ወደ ላይ ይልከዋል። ስለዚህ ሆዱ ከውጭ አየር መሳብ የለበትም። የአሮጌ ሞተር በሽታ አብዛኛው የሚነሳው ከዚህ ሲሆን፣ የሚወቀሰው ግን ሁልጊዜ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ምስኪኑ ካርቡራተር ነው።

ትረገጣለች፣ አትነሳም

ደጋግማችሁ ርገጡና ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፍቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን እየደረሰ አይደለም። መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ ሞክሩ። የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነ ቤንዚን አይወርድም። እሱ ካልሆነ ታንኩ ውስጥ ዝገት ሊኖር ይችላል። ታንኩን ነቅላችሁ አቼቶ ሙሉበት፣ አንድ ቀን ይቀመጥ። ከዚያ ጥቂት ብሎኖች ጨምራችሁ በደንብ ናጡት። ብሎኖቹን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ወዲያው የቱ ስትሮክ ዘይት አዙሩበት። ዘይቱን ለነገ ካላችሁ ዝገቱ ተመልሶ ይጠብቃችኋል።

ካንዴላው እርጥብ ከሆነ ቤንዚን አለ፣ የሚጠረጠረው እሳቱ ነው። ካንዴላውን ጠራርጋችሁ ከገመዱ ጋር አያይዙትና ብረቱን ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ አስነኩት፤ ከዚያ ርገጡ። ይህን ስታደርጉ ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ አድርጉት፣ ከዚያ የሚወጣው ቤንዚን ይቀጣጠላል። ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ጥሩ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳ መገናኛ) ባላቸው የድሮ ሞዴሎች ወደ ፑንቲናው ሂዱ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ፑንቲናው ላይ ነጭ ነገር ይይዛል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት። ክፍተቱን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ኮንደንሰሩንም (ከፑንቲናው ጋር የሚሠራውን ትንሽ ዕቃ) ቀይሩት፣ ርካሽ ነው። ለሥራው ቮላኖው (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) መውጣት ካለበት በራሱ መንቀያ ይውጣ። በመዶሻ የሚመታ ሰው ካያችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ትነሳለች፣ ግን ራሷን ችላ ትጮሃለች

ጋዝ ትለቃላችሁ፣ ሞተሩ አይወርድም። ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ቀስ ብሎ መዞር) አይይዝም። ካንዴላው ነጣ ብሎ ይታያል። መካኒኩ ካርቡራተሩን ሦስቴ ያጥባል፣ ለውጥ የለም። ይህ የአየር ስርቆት ነው። አንድ ቦታ ላይ ሆዱ ከውጭ አየር ይስባል። ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው፦ ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው የተሰነጠቀ ጎማ፣ የሲሊንደሩ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያው ላይ የሚገባው ማሸጊያ)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቮላኖው ጀርባ ያለው ፓራኦሊዮ (ክራንኩን ዙሪያውን የሚያሽግ የጎማ ቀለበት)። የፓራኦሊዮው ጎማ ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል።

በግምት ዕቃ ከመቀየር መፈተሽ ይሻላል። ካርቡራተሩንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫ ቱቦውን) አውጡ። የጭስ መውጫውን በጎማና በላሜራ አጥብቃችሁ ድፈኑት። ከመግቢያው በኩል የእጅ የደም ግፊት መለኪያ ቱቦ አገናኙ። አዎ፣ የክሊኒኩን መለኪያ። አሮጌ ካላችሁ ለዚህ የሚስተካከለው የለም። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዱት፣ የሲሊንደሩ በሮች (ድብልቁና ጭሱ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች) ክፍት ይሁኑ። ካንዴላው በቦታው ይሁን። እስከ 250 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ንፉና ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቁ። መርፌው ቶሎ ከወረደ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው የሚነፋበት ቦታ ሌባው ነው። ውጭ ምንም ካልታየና ግፊቱ ግን ከወረደ አየሩ የሚያመልጠው ወደ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። የካምቢዮው መተንፈሻ ላይም አረፋ አድርጉ።

ነጭ ጭስ ትለቃለች፣ የካምቢዮ ዘይትም ይጎድላል

ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ቢኖር ከእርጥበት ነው፣ ተዉት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ከሆነና የካምቢዮው ዘይት ከቀነሰ ግን በፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሽ የሚለየው) በኩል ያለው ፓራኦሊዮ አልቋል። ሞተሩ የካምቢዮ ዘይት እየጠጣ ነው። በአንዳንዱ ሞተር የፍሪሲዮኑ ሽፋን ሲከፈት ይደረስበታል። በአንዳንዱ ሆዱ ለሁለት መከፈል አለበት። ሆዱ ከተከፈለ አይቀር ሁለቱንም ፓራኦሊዮና የክራንኩን ኩሽኔታዎች አብራችሁ ቀይሩ።

ዳገት ላይ ትታፈናለች

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ጂግለር (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥን ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቁርና ቅባታም ይሆናል። መፍትሄው ዋናውን ጂግለር አንድ ቁጥር እየቀነሱ መሞከር ነው፣ ካንዴላው ቡና ቀለም እስኪይዝ።

ነገር ግን ጂግለር ከመግዛታችሁ በፊት ማርሚታውን እዩ። በጥላሸት የተደፈነ ማርሚታም ልክ እንዲሁ ያፍናል፣ ማጽዳቱ ደግሞ በነጻ ነው። የውስጥ ቱቦውን አውጡና ጥላሸቱን ፋቁት። ጂግለሩን ቀንሳችሁ ወደ አዳማ የምትወርዱ ከሆነ ግን ትልቁን መልሱ። እዚያ ያለው አየር ወፈር ስለሚል ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል።

ቁልቁለት ላይ ቀጥ አለች

ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ከተማው ስትወርዱ ጋዝ ዘግቶ በማርሽ መያዝ የመኪና ልማድ ነው። ለቱ ስትሮክ መርዝ ነው። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ጋዝ ከተዘጋ ዘይትም በጣም ይቀንሳል፣ ሞተሩ ግን በኃይል እየዞረ ነው። ፒስተኑ ግሪፕ ያደርጋል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። በቁልቁለት በየጊዜው ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ትንሽ ጋዝ ስጡ።

ከያዘ በኋላ በግድ አትርገጡ። ይቀዝቅዝ። ቴስታታውንና ሲሊንደሩን አንሱ። ጭረቱ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ቶርኖ ቤት ይገባል፣ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ልክ የሚሆነው ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ይገዛል። ፒስተኑን መጀመሪያ ግዙ፣ ቶርኖው በእሱ ልክ ይሥራ። ሲገጠም ፒስተኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ይዙር። የፋሻዎቹ ጫፍ ፒስተኑ ላይ ካሉት ትንንሽ ፒኖች ጋር ይግጠም።

ዘይቱን በራሱ ፓምፕ የሚቀላቅል ሞተር ከሆነ ፓምፑ መሥራቱን ሳታረጋግጡ አትመኑት። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ዘይት አይደርስም። ፓምፑ እስኪጣራ በእጅ ቀላቅሉ፦ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። ለአዲስ ፒስተን መጀመሪያ ላይ 50 አድርጉት።

ካሳመርናት በኋላ ጉልበቷ ጠፋ

ማርሚታውን ቆርጣችሁ ይሆናል። የቱ ስትሮክ ማርሚታ ሆዱ ሰፊ የሆነው ለጌጥ አይደለም። የጭሱን ግፊት መልሶ ያመለጠውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ሲቆረጥ ድምፅ ይጨምራል፣ ጉልበት ይቀንሳል። የአየር ማጣሪያ ሳጥኑን አውጥታችሁ ባዶውን ከተዋችሁትም ድብልቁ ይሳሳል፣ በዚያ ላይ የከተማው ዳር አቧራ ፋሻውን ይበላዋል። ማሳመር ከፈለጋችሁ መቀመጫ፣ መሪ፣ መብራት ላይ ተጫወቱ።

አሁን ቀለም። ሻንሲው ሲፋቅ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በፕላስተር ሸፍኑት። ሊብሬው ላይ ያለውን ቀለም ስትቀይሩም የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አሳውቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለመንዳት ካሰባችሁ ደግሞ በ2011 በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ መጣሉን አትርሱ፣ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ።