ደሴ ላይ ሸጋ ፒዛ ቤት እንዴት ይለያል?

«ደሴ ላይ ጥሩ ፒዛ የት ነው?» ብላችሁ ሰው ለቡና በተሰበሰበበት ጠይቁ። አንዱ ፒያሳ ይላል። ሌላው መናፈሻ። ሦስተኛው «የቧንቧ ውሃ ሰፈሩን ፒዛ ሳትቀምሱማ አታውሩ» ይላል። የእህቴ ባል ካለ ደግሞ ጉዳችን ነው። ኮምቦልቻ ስለሚኖር «ፒዛ ያማራችሁ ለታ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኑ» ብሎ ያርፋል። ክርክሩ የማያልቀው ሁሉም የበላው ሌላ ሌላ ስለሆነ ነው። አንዱ ስፔሻል፣ አንዱ የጾም፣ አንዱ ቤቱ ወስዶ የቀዘቀዘ በልቶ እንዴት ይስማሙ?

እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ፒዛ ስለማልሸጥ ለማንም አላደላም፤ ሊጥ ግን አውቃለሁ። የቤት ስም አልጠራም። የሚጋግረው ልጅ ሥራ ሲለቅ ፒዛውም አብሮት ይሄዳል፣ ዛሬ የጠራሁት ስም ለከርሞ ላይሠራ ይችላል። ይልቅ እናንተው የምትለዩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማርጋሪታ እዘዙ። ሊጥ፣ ስጎ፣ ቺዝ፣ በቃ። ስፔሻል ላይ ሥጋውም ቃሪያውም ተደራርቦ የሊጡን ጉድ ይሸፍነዋል። ሜኑ ላይ ማርጋሪታ ከሌለ «ቺዝ ብቻ አድርግልኝ» በሉት።

ሲመጣ አትቸኩሉ። አንድ ቁራጭ አንሱና ታቹን ገልብጣችሁ እዩት። ነጭ ከሆነ ምድጃው በደንብ ሳይግል ነው የገባው። ቡናማ ጣል ጣል ካለበት ደህና በስሏል። ጠርዙን በጣት ጫን አድርጉት፤ ተመልሶ ከተነሳ ሊጡ ኩፍ ያለ ነው። መሃሉ ውሃ ካቋጠረ ስጎው ቀጥኗል ወይ በዝቷል። የኔፕልስ ጋጋሪዎች የእንጨት ምድጃቸውን እስከ 485 ዲግሪ ያግሉና ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ያወጡታል። የኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ እዚያ አይደርስም፣ ስለዚህ እንደነሱ ጠርዙ እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ ፒዛ አትጠብቁ። ከ10 ደቂቃ በላይ ምድጃ ውስጥ ከቆየ ግን እየደረቀ ነው። መብራት ሄዶ ገና ከተመለሰ ደግሞ ማኪያቶ ጠጡና ጠብቁ። ምድጃ እንደ አምፖል ወዲያው አይበራም።

ካቻፕና ማዮኔዙን ከመቅመሳችሁ በፊት አታፍሱበት። ሚጥሚጣ ይቻላል፣ እሱን ለመከልከል አልደፍርም።

ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጥ ቶሎ መነሳት ነበረበት። የደሴ ብርድ ግን እርሾውን ያንቀረፍፈዋል። ጠዋት የተቦካው ማታ ይደርሳል። ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ ደግሞ ጣዕም አለው። ስለዚህ ደሴ ላይ ከ11 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ ሊጡ ይቸኩላል፤ ፍሪጅ ካልገባ ማታ ላይ አልፎበት ይኮመጥጣል። እዚያ ምሳ ላይ ብሉ። የእህቴ ባል የሚበላው ምሳ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ እሱ ጋ የምደርሰው ማታ። ይህን ሳስረዳው «እንግዲያው አሸነፍኩ ማለት ነው» አለኝ።

ወሎ ውስጥ ግን ከሊጡም ከሰዓቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ማን ማን ነው የሚበላው? ጠረጴዛችን ድብልቅ ነው። ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን። ስለዚህ ሥጋ ያለበት አንድ ትልቅ ፒዛ ለሁሉም አይሆንም። ቱና እዘዙ፤ ዓሣ ባራኪ አይሻም። ቺዝና አትክልትም ያስማማል። (የሐይቅ ዓሣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር እያለ ለምን የቆርቆሮ ቱና እንደምንጠቀም ሁሌ ይገርመኛል። አጥንቱ ይሆናላ።) ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ ካለ ቺዙም ይቀራል። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፣ ሳታዝዙ ጠይቁት።

የጾም ፒዛ ስታዝዙ «ሊጡ ወተት ወይ ቅቤ ገብቶበታል?» በሉ። ቺዝ ስለቀረ ብቻ የጾም አይሆንም። መቁረጫውም ታጥቦ ይምጣ። አስተናጋጁ ቢገላምጣችሁ አብሽሩ፣ እዚህ አገር ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። የጾም ፒዛን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። ለኔ ግን ከማርጋሪታም የከበደ ፈተና እሱ ነው፤ ቺዝ ስለሌለው የሚደበቅበት የለውም። ስጎው በነጭ ሽንኩርት በደንብ በስሎ፣ ቃሪያና ቲማቲም ሳይበዛበት ከመጣ የቤቱ ጋጋሪ ሥራውን ያውቃል። ካሮትና ፎሶሊያ ተከምሮበት ከመጣ አልጫ በዳቦ ነው የበላችሁት። በረመዳን ከመግሪብ በኋላ ባለው ግርግር ደግሞ ማንም ቤት ላይ አትፍረዱ።

ዋጋ ስታወዳድሩ ሚዲየምና ላርጅ በሚለው ስም አትመኑ፣ ከቤት ቤት ይለያያል። በስንዝር ለኩት። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፒዛ 314 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ነው። 30 የሆነው 707 ገደማ ይደርሳል። ከእጥፍም በላይ! ትልቁ ሁለት እጥፍ ዋጋ ቢጠየቅበት እንኳ ያዋጣል። ሁለት ሆናችሁ ሁለት ትንንሽ ከምታዝዙ አንድ ትልቅ ግማሽ ግማሽ አሠሩ።

ክርክሩን መቁረጥ ከፈለጋችሁ በአንድ ቀን ሁለቱም ቤት ሂዱ። ሁለቱም ጋ ማርጋሪታ፣ ሁለቱም ጋ እዚያው ተቀምጣችሁ። የአንዱን ቴካዌይ ከሌላው ትኩስ ጋር ማወዳደር ግፍ ነው። ሂሳቡን የተሸነፈው ይክፈል፤ አለዚያ ማንም በቁም ነገር አይቀምስም።

ቤት መውሰድ ግድ ከሆነ ካርቶኑን ገርበብ አድርጉት፣ እንፋሎቱ ከታፈነ ሊጡ ይላላል። የተረፈውን በነጋታው በደረቅ መጥበሻ፣ በትንሽ እሳት፣ ክዳን ገጥማችሁ አሙቁት። ቺዙ ሲለሰልስ አውጡት። ዘይት አትጨምሩበት።