የፒካፕ ጎማ ስፔሰር፦ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲላላ፣ ሲሰበር

ከባሕር ዳር በወረታ መንገድ ወጥታችሁ ፍጥነቱ 80 አካባቢ ሲደርስ መሪው እጃችሁ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ወደ 60 ስትመልሱት ጸጥ ይላል። ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጭ ለማውጣት ከቸርኬው ጀርባ የሚገባው ወፍራም ሰሌዳ) ከመገጠሙ በፊት ይህ ካልነበረ ብዙ ሰው ጎማ ባላንስ ለማሠራት ይሮጣል። እኔ መጀመሪያ የማዘው ውሃ ነው። ክረምት ላይ የፎገራ ዋልካ ቸርኬው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በአንድ ጎን የተለጠፈ ጭቃ ብቻውን ጎማውን ያንቀጠቅጣል። የቸርኬውን የውስጥ ገጽ ፍቃችሁ እጠቡና ደግማችሁ ሞክሩት።

ታጥቦም ካልተወ የስፔሰሩን መሃል ጠርጥሩ። ሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል፣ መሃል ላይ ወጣ ያለ ክብ ከንፈር አለው። የፋብሪካው ቸርኬ በእሱ ላይ ልክክ ብሎ ስለሚቀመጥ ጎማው መሃሉን አይስትም። ደህና ስፔሰር ይህን ሁለት ጊዜ ይሠራል፦ በውስጥ በኩል በሞዞው ከንፈር ላይ ልክክ ይላል፣ በውጭ በኩል ደግሞ ቸርኬው የሚቀመጥበት የራሱ ከንፈር አለው።

ሻጭ «ስድስት ቀዳዳ ነው፣ ይገጥማል» ሲላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ብሎኑ ይገባል። የፎር ባይ ፎር ሃይሉክስም የሚትሱቢሺ ኤል 200ም ስድስት ቀዳዳ ናቸው፤ ፊት ለፊት ያሉት ብሎኖች ከመሃል እስከ መሃል 139.7 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። የመሃል ቀዳዳቸው ግን የሃይሉክሱ 106 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የኤል 200ው 67 ገደማ ነው። የፎርድ ሬንጀር ደግሞ ያንኑ 139.7 ይዞ መሃሉ 93 ነው። ለሃይሉክስ የተሠራ ስፔሰር ኤል 200 ላይ ሲገጠም የሞዞውን ከንፈር ጨርሶ አይነካውም፤ መሃሉን የሚጠብቅለት ብሎን ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የፊቱን አንድ ጎማ አውልቁና የሞዞውን ከንፈር በካሊፐር ለኩ። ኋለኛውንም ለየብቻው ለኩ፤ ከፊቱ ጋር አንድ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ስፔሰሩን በእጅ ስትገፉት ገብቶ ወደ ላይና ወደ ታች የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። የሚወዛወዝ ከሆነ መልሱት። ክፍተቱን በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ መሙላት መፍትሄ አይደለም።

ልኩ ትክክል ሆኖም የሚንቀጠቀጥ ካለ፣ ስፔሰሩ ከሞዞው ጋር የሚገናኝበት ገጽ ላይ ዝገት ወይም ቀለም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ፍቁት።

ዳዶው ቶሎ ቶሎ ሲላላ

ከጎማው አካባቢ ጣ ጣ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መኪናውን እዚያው አቁሙ። ነገ ጋራዥ እወስደዋለሁ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው ዳዶው ከቸርኬው ጋር አለመጣጣሙ ነው፦ ሾጣጣ መቀመጫ ላለው ቸርኬ ሾጣጣ ዳዶ፣ ለጠፍጣፋው ሮንዴላ ያለው ዳዶ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዳዶው የያዘው ጥርስ ማነሱ ነው። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 የሆነ ብሎን ላይ ዳዶው ቢያንስ 8 ዙር መዞር አለበት፤ በአራተኛው ዙር ከጠበቀ አደጋ ነው። ሦስተኛው ከተገጠመ በኋላ ደግሞ አለማጥበቅ ነው። አዲስ ስፔሰር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ መፈተሽ አለበት፤ ጢስ ዓባይ ደርሶ መመለስ 60 ያህል ስለሚሆን ለዚህ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ስፔሰሩን ከሞዞው ጋር የያዙት ዳዶዎች ቸርኬው ስር ተደብቀው መቅረታቸውን ነው። የውጮቹን ብቻ አጥብቆ የሚሄድ ሰው ግማሹን ሥራ አልሠራም። ጎማው መውለቅ አለበት።

ብሎን ሲቆረጥ

አንድ ቀን ከጢስ ዓባይ በኮረኮንች የተመለሰ ሃይሉክስ መጣልኝ፤ ከስድስቱ የኋላ ብሎኖች ሁለቱ የሉም። ስፔሰሩ ቶርኖ ቤት የተቆረጠ ሰሌዳ ነበር፤ ስድስት ቀዳዳ ብቻ፣ የመሃል ከንፈር የለው፣ የራሱ ብሎን የለው። ያ መኪና አምስት ሰውና የሩዝ ጆንያ ጭኖ ነበር የመጣው። ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

ወፍራም ስፔሰር የራሱ ብሎን በፋብሪካ የተተከለለት መሆን አለበት። አሉሚኒየም ከሆነ 6061 ቲ6 ወይም 7075 ቲ6 የሚል ጽሑፍና የአምራቹ ስም ይታይበት፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰውን፣ ገጹ እንደ አሸዋ የሚሻክረውን ተዉት። አንድ ብሎን ከተቆረጠ የዚያን ጎማ ብሎኖች በሙሉ ቀይሩ፤ የቀሩት የተቆረጠውን ጭነት ተሸክመው ቆይተዋልና።

መፍቻ ላይ ቱቦ ሰክቶ መጫንም ብሎን ይቆርጣል። የብዙ ሃይሉክሶች መመሪያ የዳዶውን ማጥበቂያ ልክ ለአሉሚኒየም ቸርኬ 105፣ ለብረት ቸርኬ 209 ኒውተን ሜትር ይላል፤ ለስፔሰሩ ግን የራሱ አምራች የጻፈውን ቁጥር ተከተሉ። ልኩን የሚያሳይ መፍቻ ያለው ጋራዥ ፈልጉ። ከሌለ ስፔሰሩን አታስገጥሙ።

የቀሩት

ቸርኬው ስፔሰሩ ላይ ተኝቶ ካልተቀመጠ የሞዞው ብሎኖች ከስፔሰሩ ውፍረት አልፈው ወጥተው ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ብሎን አታስቆርጡ፤ ወፈር ያለ ስፔሰር ውሰዱ። መሪ ስትጠመዝዙ ጎማው ከውስጥ ሻሲውን ይነካ ከነበረ ስፔሰር ይረዳል። ፓራፋንጎውን የሚነካ ከሆነ ግን ያባብሰዋል፤ ጎማውን የበለጠ ወደ ውጭ ያወጣዋልና። በየጎኑ 30 ሚሊ ሜትር የገጠመ መኪና በጠቅላላው 60 ሰፍቷል፤ የእያንዳንዱ ጎማ ጫናም ከኩሽኔታው በዚያው 30 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ጉምጉምታ ስትሰሙ ጎማውን በክሪክ አንሥታችሁ በእጅ ወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ይፈተሽ፣ ጭነት የምታበዙ ከሆነም ስፔሰሩን አውርዱት።

መስከረም ላይ ጭቃው ሲደርቅ አራቱንም ጎማ አውልቁ። አሉሚኒየምና ብረት በእርጥበት ሲነካኩ ይጣበቃሉ፤ ከንፈሩ ላይ ብቻ ስስ ግሪስ ቀቡ፣ ብሎኑ ጥርስ ላይ ግን ጠብታ አይንካ። መልሳችሁ ስታጠብቁ በእያንዳንዱ የውጭ ዳዶና በቸርኬው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በነጭ ቀለም አስምሩ። ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት መስመሩ ተሰብሮ ካያችሁት ዳዶው ዞሯል።