ከጂዳ የመጣ ሸክላ ማጫወቻ ደሴ ሲሰካ ለምን ይጎተታል?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሰው ሲመለስ ዕቃም ይዞ ይመጣል። አዲሱ ዕቃ ብዙም አያስቸግርም። የስልክ ቻርጀር ጀርባው ላይ «100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሰክቶ መጠቀም ነው። ጣጣ ያለው አሮጌው ላይ ነው። ሸክላ ማጫወቻ፣ ባለ ትልልቅ ጥቅልል ቴፕ፣ ሰዓት ያለው ሬዲዮ፣ የድሮ ፍሪጅ። ሰው በእነዚህ ላይ የሚሳሳታቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቮልቱ ከገጠመ አለቀ» ማለት

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የአሜሪካን ዕቃ ሰው ቢያንስ ይፈራዋል፤ ሳይሰካ በፊት ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የሚያታልለው የሳዑዲው ነው። እዚያ ድሮ 127 እና 220 ቮልት ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር፤ ኸርዙ ግን 60 ነው። ሰው «220» የሚለውን ያያል፣ ይሰካል፣ ዕቃውም ይነሳል። በቃ ሠራ ይባላል። ዱባይ፣ ኩዌትና ቤይሩት ደግሞ እንደ እኛው 50 ናቸው። ስለዚህ «ከዐረብ አገር የመጣ ነው» የሚለው ወሬ ምንም አይነግራችሁም። ዕቃውን ገልብጡና ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «50/60» ካለ ትራንስፎርመሩ ሁለቱንም ይችላል። «60» ብቻ ከሆነ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ትራንስፎርመር ወይም ስታቢላይዘር ሁሉን ያስተካክላል ብሎ ማመን

ሁለቱም ቮልት እንጂ ኸርዝ አይቀይሩም። 50 የገባው 50 ሆኖ ይወጣል።

በሸክላ ማጫወቻ ላይ ይሄ ወዲያው ይሰማል። ብዙ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ነው። 60 ይጠብቅ የነበረ ሞተር 50 ሲያገኝ ወደ 17 በመቶ ይዘገያል። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 37.5 ላይ ይቀራል። የአገራችን ሸክላ አሳታሚ አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸው ትንንሽ ሸክላዎች ባለ 45 ዙር ናቸው፤ እነሱን በዚህ ማጫወቻ ስትሰሙ ድምፁ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል። ሴቷ ዘፋኝ እንደ ወንድ ትጎረንናለች። ትዝታ ከሆነ ደግሞ ለቅሶ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል።

ማጫወቻው ላይ ያለችው የፍጥነት ማስተካከያ አታድናችሁም። እሷ የምትጨምረው ጥቂት በመቶ ነው፤ እናንተ የሚያስፈልጋችሁ 20 ነው። መፍትሔው ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ፑሊ፣ ዙሩን ወደ ሳህኑ የምታስተላልፈው ትንሽ ክብ፣ ናት። ዱዋል፣ ቶረንስና ጋራርድ የተባሉት የማጫወቻ ሠሪዎች ለ50 እና ለ60 የተለያየ ፑሊ ነበራቸው። ከጠፋ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይቻላል፦ ዲያሜትሯ 1.2 እጥፍ ትሁን። 10 ሚሊሜትር የነበረች 12 ማለት ነው። ሁለቱም ደረጃዎች፣ የ33ቱም የ45ቱም፣ መጨመር አለባቸው። ቺንጋ ያለው ከሆነ የቺንጋውም ውፍረት ስለሚገባበት ትንሽ መሞካከር ይፈልጋል።

ሌላው መንገድ ኢንቨርተር፣ የባትሪን ኃይል ወደ ሶኬት መብራት የሚቀይረው ዕቃ፣ ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪና ኢንቨርተር ያለው ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ኢንቨርተር 50 እና 60 መምረጫ አለው። ንጹህ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ፣ የሚሰጥ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፤ ርካሹ ሞተሩን ያስጮኸዋል።

ማጫወቻው በዲሲ ሞተር፣ ማለትም ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ በማይወስድ ሞተር፣ የሚሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቴክኒክስ 1200፣ ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም። ቮልቱን አስተካክላችሁ ስሙ።

ፍጥነቱን በተሳሳተው ነጥብ መለካት

ሳህኑ ዳር ላይ የተደረደሩት ነጥቦች ፍጥነት መለኪያ ናቸው፤ ፍጥነቱ ልክ ሲሆን በአምፖሉ ብልጭታ የቆሙ ይመስላሉ። ዕቃው የ60 ነው ብሎ የ60ውን መስመር የሚያይ አለ። መታየት ያለበት የሚያበራው መብራት ኸርዝ ነው፤ እዚህ 50። ለ33⅓ ዙር 180 ነጥብ ያለው መስመር የ50 ነው፣ 216 ያለው የ60። በኤልኢዲ አምፖል ላይታይ ይችላል።

ሙቀቱን መናቅ

የ60 ዕቃ በ50 ሲሠራ ትራንስፎርመሩና ሞተሩ ውስጥ ያለው ብረት 20 በመቶ ተጨማሪ መግነጢስ ይሸከማል። ያጉረመርማል፣ ይግላል። ደሴ ብርድ ላይ ተቻችሎ የከረመ ዕቃ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሊቃጠል ይችላል። ለሞተርና ለትራንዚስተር ዕቃ የሚጠቅም ቀላል ስሌት አለ፦ ኸርዙ በቀነሰበት መጠን ቮልቱንም ቀንሱ። 120 ለሚፈልገው 100 ስጡት። 220 ለሚለው የሳዑዲ ዕቃ ደግሞ 183 አካባቢ። 100 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ለጃፓን ዕቃ ስለሚሠራ ይገኛል። ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ላይ ግን ይሄን አትሞክሩ፤ የቫልቮቹ ክር በቂ ሙቀት አያገኝም።

የድሮ የ60 ፍሪጅ ከሆነ እኔ አልደክምበትም። ኮምፕረሰሩ እየዘገየና እየጋለ ይሠራል፤ ለእሱ የሚሆን ኢንቨርተር ከፍሪጁ በላይ ያስወጣል።

ሰዓቱን ማመን

ሶኬት ላይ የሚሰካ የድሮ ሰዓት፣ ዲጂታሉም ጭምር፣ የሚቆጥረው ኸርዙን ነው። የ60ው እዚህ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ለንጋቱ 11 ብትሞሉት የሚጮኸው 12 ከ24 ላይ ነው። ለሱብሂም ለኪዳንም አይሆንም። አንዳንዱ ሆዱ ላይ የ50/60 መቀየሪያ አለው፤ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

የማያሳስበውን መፍራት

ካውያ፣ ምድጃና ተራ አምፖል ኸርዝ አያውቁም። ካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተርም እንዲሁ፤ የሲንጀር የስፌት መኪና ሞተርና የጁስ መፍጫ ከዚህ ወገን ናቸው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ቮልቱን ማስተካከል ብቻ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ግን የዕቃውን ዋት የሚችል ይሁን። 1000 ዋት የሚበላ ካውያ 300 ዋት ትራንስፎርመር ላይ የሚሰካ ሰው መጀመሪያ የሚያቃጥለው ትራንስፎርመሩን ነው።