መብራት በመጣባት ሰዓት፦ ላፕቶፕና ታብሌትን በታይፕ ሲ መሙላት

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ትርጉም ነው። ቤት ሆኜ በላፕቶፕ እሠራለሁ። መብራት በጠፋ ቀን እስከ ሳሪስ ሄጄ መብራት ያለበት ካፌ ስፈልግ ግማሽ ቀኔ መንገድ ላይ ያልቃል።

አንዳንድ ሳምንት መብራት ጠዋት ይሄድና ማታ 3 ሰዓት ላይ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ይሄዳል። በዚያች ሁለት ሰዓት ላፕቶፑ ካልሞላ የነገው ሥራ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ቻርጀር እኔ ቤት ትልቅ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ክረምት መብራቱ ሄድ መጣ ሲል የላፕቶፔ ቻርጀር ተቃጠለ። የወንድሜ ልጅ እዚሁ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ይመጣል። ላፕቶፑን አገላብጦ አየና «አክስቴ፣ ይሄ እኮ እንደ ስልክሽ ታይፕ ሲ የሚባለው ትንሽ ሞላላ ቀዳዳ አለው። በስልክሽ ቻርጀር ሞክሪው» አለኝ። ሰካሁት። የመብረቅ ምልክቷ ብቅ አለች። ደስ ብሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሳየው 41 በመቶ የነበረው 38 ሆኗል። ተሰክቶ እየቀነሰ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ የተነሳሁት ያን ቀን ነው። አሁን ጎረቤቶቼ ቻርጀር ሊገዙ ሲሉ መጀመሪያ እኔን ይጠይቁኛል። ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ይሞላል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ፋይል ለማስተላለፍ ብቻ የተሠራ ነው። ከቀዳዳው አጠገብ የሶኬት ጫፍ ወይም የባትሪ ሥዕል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይሞላል። የመብረቅ ምልክትም ጥሩ ፍንጭ ነው። ምንም ምልክት የሌለባቸውም አሉ፤ የአፕል ላፕቶፖች ላይ ሥዕል የለም፣ ግን ይሞላሉ። ከሁሉም የሚታመነው አብሮት የመጣው ቻርጀር ነው። ጫፉ ታይፕ ሲ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ካልሆነ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና የአምራቹ መግለጫ ስለ ታይፕ ሲው «ፓወር ዴሊቨሪ» ይል እንደሆነ አንብቡ። በአጭሩ ፒዲ ይሉታል፤ በታይፕ ሲ በኩል ከፍ ያለ ኃይል የሚሰጥበት አሠራር ነው። ታብሌት ላይ ይሄ ጣጣ የለም። ብዙውን ጊዜ ያለው ቀዳዳ አንድ ነው፤ የሚሞላውም በዚያው ነው።

አሁን ስንት ዋት እንደሚፈልግ እወቁ። የድሮው ቻርጀር ካለ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ዋቱ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፔሩ አባዙት። የእኔ የተቃጠለው 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ይላል። ሲባዛ 65 ዋት ነው። ለቢሮ ሥራ የሚሆኑ ብዙ ላፕቶፖች 45 ወይም 65 ዋት ይፈልጋሉ። ማክቡክ ኤር በ30 ዋት ይሞላል። ለአይፓድ 20 ዋት ይበቃዋል። ጌም የሚጫወቱባቸውና ቪዲዮ የሚቆረጥባቸው ከባባድ ላፕቶፖች ከ100 ዋት በላይ ይጠይቃሉ።

ይሄ ቁጥር እኛ ሰፈር ለምን ዋጋ እንዳለው ልንገራችሁ። የላፕቶፔ ባትሪ 50 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ማለትም 50 ዋት ለአንድ ሰዓት ይሰጣል። በ65 ዋት ራስ (ግድግዳ ላይ በሚሰካው የቻርጀሩ ክፍል) ሲሞላ፣ ላፕቶፑ ተዘግቶ ከሆነ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሙሉ ይጠጋል። በ18 ዋት የስልክ ራስ ቢቀበለው እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። እየሠራሁበት ከሆነማ ላፕቶፑ ከሚገባለት በላይ ይበላል። 41 የነበረው 38 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ደግሞ ትንሽ ራስ ሲሰካበት ጭራሽ አልቀበልም ይላል።

አሁን ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ራስ ገልብጡና ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ። እኔ የስልኬን ካሜራ አስጠግቼ ፎቶ አነሳና አጉልቼ አነባለሁ። «አውትፑት» (የሚሰጠው) ከሚለው ቀጥሎ ብዙ ቁጥር ይደረደራል፦ 5 ቮልት በ3 አምፔር፣ 9 ቮልት በ3፣ 15 ቮልት በ3፣ 20 ቮልት በ3.25። ለላፕቶፕ ስትገዙ የምትፈልጉት 20 ቮልት የሚለውን ነው። እሱ ከሌለ ለአብዛኛው ላፕቶፕ አይሆንም።

ቁጥሩ የበዛበት ምክንያት አለው። በፒዲ የሚሠራ ራስ እንደተሰካ ከ5 ቮልት በላይ አይለቅም። መጀመሪያ በገመዱ ውስጥ ባለች አንዲት ቀጭን ሽቦ ከላፕቶፑ ጋር ይነጋገራል። ራሱ «እነዚህ እነዚህ አሉኝ» ይላል። ላፕቶፑ ከውስጡ የሚስማማውን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ነው ቮልቱ ከፍ የሚለው።

ታች ፎቅ ያሉት እናት ለልጃቸው ታብሌት የእኔን 65 ዋት ራስ ሲዋሱ ፈርተው ነበር። «ኧረ ልጄ፣ ይሄ ትልቅ ነው፤ እንዳያቃጥለው» አሉኝ። አያቃጥለውም። እንስራው ትልቅ ቢሆንም የምትቀዱት በያዛችሁት ጣሳ ልክ ነው። ታብሌቱ 20 ዋት ከፈለገ 20 ብቻ ይወስዳል። 100 ዋት ራስም ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ በአንድ ጥሩ ራስ ላፕቶፑንም፣ ታብሌቱንም፣ ስልኩንም መሙላት ይቻላል። ለቤተሰብ የምመክረውም ይሄንኑ ነው።

ሁለት ወጥመድ አለ። በሁለቱም ገንዘቤን አጥቼባቸዋለሁ።

አንደኛው ትልቁ ቁጥር ነው። መርካቶ ሄጄ «65 ዋት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ራስ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ትንሿን ጽሑፍ ሳነብ 65 የሚሆነው 10 ቮልት በ6.5 አምፔር ሲሰጥ ነው። ይሄ የአንድ ስልክ የራሱ ፈጣን አሞላል ነው፤ የሚሠራውም ከራሱ ስልክና ከራሱ ገመድ ጋር ነው። 20 ቮልት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ባለሱቁ አልመልስም አለኝ። ቁጥሩን ብቻ አይቼ መክፈል አልነበረብኝም፤ እሱም ለላፕቶፕ እንደምፈልገው ነግሬው ነበር።

ሁለተኛው ባለ ብዙ ቀዳዳ ራስ ነው። 65 ዋት የሚለው ለሁሉም በድምሩ ነው። ስልክ ጎን ለጎን ስትሰኩ ለላፕቶፑ የሚደርሰው ወደ 45 ሊወርድ ይችላል። እንዴት እንደሚከፋፈል ራሱ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። መብራት ለሁለት ሰዓት ብቻ ሲመጣ ላፕቶፑን ብቻውን ሰኩት። ስልኩ በሌላ ይሞላ።

ገመዱን ሰው ይንቀዋል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው እሱ ላይ ነው። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ደህና ገመድ 3 አምፔር ያሳልፋል፤ በ20 ቮልት ሲባዛ 60 ዋት ነው። ከዚያ በላይ ለማሳለፍ ጫፉ ውስጥ ትንሽ ቺፕ ያለው ባለ 5 አምፔር ገመድ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ 100 ዋት ወይም 240 ዋት ይላል። 65 ዋት ራስ በተራ ገመድ ቢሰካ አደጋ የለውም፤ 60 ላይ ይቆማል።

አንዱ ጫፍ የድሮው ጠፍጣፋ ዩኤስቢ የሆነ ገመድ ግን የፒዲውን ንግግር አያደርስም። ላፕቶፕ በእሱ አትሞክሩ። ጠፍጣፋውን ወደ ታይፕ ሲ የምትቀይረው ትንሿ ጫፍም ያው ናት፤ ቅርጹን እንጂ ኃይሉን አትቀይርም። እንዲህ ያለ ገመድ በርካሽ ሲሠራ አደገኛም ይሆናል። የጎግል መሐንዲሱ ቤንሰን ለንግ ከ2015 ጀምሮ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የገበያ ገመዶችን እየገዛ ይፈትሽ ነበር። በ2016 ውስጡ ሽቦው ተዛንፎ የተገጠመ ገመድ ላፕቶፑን አበላሽቶበታል። እኔ ለገመድ ትንሽ ጨመር አድርጌ የምከፍለው ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ነው። በማግኔት የሚጣበቁትን ጫፎችም ለላፕቶፕ አልጠቀምም። ብረታቸው የተጋለጠ ነው፤ አቧራና ርጥበት ያገኛቸዋል።

ላፕቶፓችሁ ታይፕ ሲ ከሌለው፣ ክብ ቀዳዳ ብቻ ካለውስ? አንዱ ጫፍ ታይፕ ሲ፣ ሌላው ክብ የሆነ ገመድ ይሸጣል። ውስጡ ያለው ቺፕ የቻርጀሩን ራስ «20 ቮልት ስጠኝ» ይለዋል። 19፣ 19.5 ወይም 20 ቮልት ለሚፈልግ ላፕቶፕ ይሠራል፤ የክቡ ውፍረት ልክ መሆን አለበት። የራሱም ዋት ከድሮው ቻርጀር ማነስ የለበትም። እንደ ዴል ያሉት ግን መሀል ባለችው ቀጭን መርፌ ቻርጀሩን ይለያሉ፤ ካላወቁት ባትሪውን አይሞሉም። አንድ ነገር አደራ፦ 5 ወይም 12 ቮልት የሚል ክብ ቀዳዳ ያለው ታብሌት ላይ ይህን ገመድ በፍጹም አትሰኩ። እዚህ ጋ መነጋገር የለም። 20 ቮልቱ ቀጥታ ይገባና ያቃጥለዋል።

ስለ መብራቱ ራሱ ደግሞ። የእኛ 220 ቮልት ነው። ራሱ ላይ «ኢንፑት» (የሚቀበለው) በሚለው በኩል ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን እዩ። ካለ መብራቱ ደከም ቢልም ይሠራል። የሚጎዳው ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። የእኔ የድሮው የሞተው እንደዚያ ነው። አሁን መብራት ሲሄድ ሁሉንም እነቅላለሁ። ሲመለስ አሥር ደቂቃ ጠብቄ፣ አምፖሉ አለመርገብገቡን አይቼ እሰካለሁ። አሥር ደቂቃ ከሁለት ሰዓት ላይ ብዙ ነው፤ ግን አዲስ ቻርጀር ፍለጋ መርካቶ ከመሄድ ይሻላል።

የእንጀራ ምጣድ በሚሰካበት መስመር ላይ ላፕቶፕ አትሰኩ። ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል። እሱ ሲበራና ሲጠፋ መስመሩ ይናወጣል፤ ማከፋፈያውም ይግላል። ከውጭ የመጣ ጠፍጣፋ እግር ያለው ራስ ካላችሁ መቀየሪያው የማይወላወል ይሁን። ከላላ ይፈነጥቃል። እኔ ከመጀመሪያውም ሁለት ክብ እግር ያለውን ነው የምፈልገው።

ፓወር ባንክ እኛ ሰፈር ከቻርጀር አይተናነስም። ግን በላዩ የተጻፈው 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት አያታልላችሁ። በውስጡ ባለው ባትሪ ቮልት፣ በ3.7፣ አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉት 74 ዋት ሰዓት ነው። በመሀል የሚባክነው ሲቀነስ እንደ እኔ ያለውን ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ይሞላል። አውትፑቱ ላይ 20 ቮልት መኖሩን እዩ፤ 22.5 ዋት የሚሉት ለስልክ ናቸው። ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ ኢንፑቱን ነው። 18 ዋት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ራሱን ለመሙላት ከአራት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በሁለት ሰዓት መብራት ግማሹ እንኳ አይሞላም። 45 ወይም 65 ዋት የሚቀበለውን ፈልጉ።

ማታ መብራት ሲመጣ የእኔ ተራ ይሄ ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑ፣ ተዘግቶ፣ ብቻውን፣ ጠረጴዛ ላይ። አልጋ ላይ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አላስቀምጠውም፤ ራሱም ላፕቶፑም ይግላሉ። ለብ ማለቱ ደህና ነው። እጅ የሚያስነሳ ሙቀት ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለው ወዲያው ይነቀል። ላፕቶፑ ሰማንያ በመቶ ሲያልፍ አሞላሉ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ራሱን ወደ ፓወር ባንኩ አዞረዋለሁ። ታብሌቱ መጨረሻ ነው። እሱ ከፓወር ባንኩም ይሞላል።

ልትገዙ ስትሄዱ ላፕቶፑን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ባትሪው ከግማሽ በታች ይሁን፤ የሞላ ባትሪ ትንሽ ስለሚስብ ደካማውን ራስ ጥሩ ያስመስለዋል። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ክፈቱት። የቻርጀሩ ራስ ከደከመ ዊንዶውስ ቀስ ብሎ እየሞላ እንደሆነ ይጽፋል። ማክ ላይ የሲስተም መረጃ ውስጥ ስንት ዋት ራስ እንደተሰካ ይታያል። አንዳንድ ሱቅ ገመዱ መሀል የምትገባ፣ ቮልትና አምፔር የምታሳይ ትንሽ መለኪያ አለ፤ ጠይቁ። ላፕቶፑ ላይ 20 ቮልት አካባቢ ካነበበች ጥሩ ነው። 5 ወይም 9 ላይ ከቆመች ራሱ ወይም ገመዱ ይቀየር። አሥራ አምስት ደቂቃ ቁሙና መቶኛው ሲወጣ እዩ። እኔ አሁን የምጠቀምበትን የገዛሁት እንደዚህ ነው። ሦስተኛ ሱቅ ላይ፣ ከ34 ወደ 47 ሲወጣ አይቼ ከፈልኩ።