7 ወይስ 8? የዕድሩ መዝገብ ዓመት እንዴት እንደተስተካከለ

የዕድራችን መዝገብ ኤክሴል ላይ ሲሰፍር፣ የልደት ዓመት ሁሉ በደፈናው 8 ተደምሮበት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተቀይሯል። ኅዳር 1987 ዓ.ም. የተወለደው 1995 ሆነ። ልክ የሆነው 1994 ነው። ከዕድሜው አንድ ዓመት ስለተቀነሰለት ማንም ቅር አላለውም!

ወሩንና ቀኑን የሚያይ ቀመር አስገባሁ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደምራል። ዓመቱ ለ4 እኩል ሲካፈል ግን፣ ለምሳሌ 2016፣ 8 የሚደመረው ከታኅሣሥ 22 ጀምሮ ነው። ከዚያ ዓመት መስከረም በፊት ያለፈችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ነው።

ከፓስፖርት የተገለበጡት የልደት ቀኖችም በፈረንጅ አቆጣጠር ሆነው ሳለ የተጻፈባቸው «ዓ.ም.» ብቻ ነበር። «አቆጣጠር» የሚል ዓምድ ጨምሬ እ.ኤ.አ. አልኳቸው። ቀመሩ እነሱን አይነካም።